ሲስተር «እና?»

የሲስተር እልፍነሽን ማረፍ የነገረኝ መኮንን ነው። ስልኩን ሳነሳ ደህና አደርሽ እንኳ ሳይለኝ፣ «አልማዝ፣ ሲስተር እልፍነሽ አረፈች» አለ። በማግስቱ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ከዲላ አዲስ አበባ ለቀብር ሄድን።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የወንድሟ ልጅ ንፍሮ እያደለ ወደኛ መጣ። ከረባት ያሰረ፣ ጨዋ ወጣት ነው።

«ይቅርታ፣ እናንተ ከየት ናችሁ?»

«ከዲላ» አለ መኮንን።

«አክስቴን በምን ታውቋት ነበር?»

«በሽተኞቿ ነን።»

«ምን ነበር ያመማችሁ?»

መኮንን ትንሽ አሰበና በጣቱ ግንባሩን መታ መታ አደረገ። ወጣቱ ንፍሮውን አስቀመጠልንና በዘዴ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «እኔ እንኳ ሠራተኛ ነበርኩ» ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። እንዲህ የሚሉ በሽተኞች እንዳሉ የሆነ ሰው ነግሮታል መሰለኝ።

ግን እውነቴን ነው፣ ሠራተኛ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ዲላ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ ነው ሲስተር እልፍነሽ የመጣችው። ነርስ ናት፤ መንግሥት ቡልጋሪያ ልኳት እዚያ የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ቤት ስትማርም ስትሠራም ቆይታለች። ስትመለስ የሚመድቧት ሰዎች ምን እንደተማረች በውል ሳይገባቸው ወደኛ ላኳት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ስትራመድ የነጭ ጋዋኗ ጫፍ ከኋላዋ ይሮጣል እንጂ አይደርስባትም። ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣለች። ይህ በራሱ ለዲላ የአንድ ወር ወሬ ሆነ።

ከሁሉም በላይ የታወቀችው ግን በአንዲት ቃል ነው። ሰው ችግሩን ነግሯት ሲጨርስ «አይዞህ» አትልም፣ አትመክርም፣ ከንፈሯን አትመጥም። አንገቷን ዘንበል ታደርግና «እና?» ትላለች።

«ሲስተር፣ ባሌ ጥሎኝ ሄደ።»

«እና?»

«እናማ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ።»

«እና?»

መጀመሪያ የሰማት ሰው የተሰደበ ይመስለዋል። ቆይቶ ግን ሊናገር ያላሰበውን ነገር ሲናገር ራሱን ያገኘዋል። ከተማው ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሲስተር «እና?» ሆና ቀረች።

ያን ጊዜ ጤና ጣቢያችን ከማይለቁ ሰዎች ጋር ተቸግረን ነበር። ሲመረመሩ ምንም አይገኝባቸውም። አንዱ «ጭንቅላቴ ውስጥ ውሃ ይፈላል» ይላል፤ ሌላዋ «ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል» ትላለች፤ ሌላው «ልቤ ሰው እንዳባረራት ዶሮ ትርበተበታለች» ይላል። ሁሉም የሚፈልጉት መርፌ ነው። የመድኃኒት ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ያለው የወባና የኮሶ ኪኒን ብቻ ነው። ሲስተር እልፍነሽ እነዚህን ሰዎች አየችና ዓይኗ በራ።

«አልማዝ፣ እነዚህ የኔ ናቸው» አለችኝ። «ሰብስበን እናነጋግራቸዋለን። እርስ በርስ እየተነጋገሩ ይድናሉ።»

«እና መሪው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«መሪ የለም። ማለቴ መሪ አለ፤ ግን አይመራም። ክብ ሆነን እንቀመጣለን፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ዝምታው ሲከብዳቸው ይናገራሉ። እንደዚህ ነው የተማርኩት።»

እኔ ጌዴኦኛ ስለምችል አስተርጓሚ ሆንኩ። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ወደ ከተማ በሚወጣበት ዕለት፣ የቁስል ማሸጊያውን ክፍል አጸዳን፤ ወንበሮቹን ክብ አድርገን ደረደርን።

ጣጣው ከወንበሩ ጀመረ። አቶ ጅግሶ የሚባሉ፣ ከጨለለቅቱ በቡና መኪና ተሳፍረው የሚመጡ የጌዴኦ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ክቡን ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ያ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ የሚፈላባቸው ሰው እሳቸው ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም።

«ሲስተር፣ ራሱ የት ነው?» አሉ።

«የምን ራስ?»

«የወንበሩ ራስ። ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት።»

«ራስ የለውም፤ ክብ ነው። የፈለጉበት ይቀመጡ።»

አቶ ጅግሶ ራስ በሌለው ነገር ላይ ሊቀመጡ አልፈለጉም። እሳቸው ካልተቀመጡ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሀጂ ሸምሱ በዕድሜ ስለሚያንሷቸው አይቀመጡም። ወንዶቹ ካልተቀመጡ ወይዘሮ ማርታ አትቀመጥም። ወይዘሮ ማርታ የጸሎት ቤቷ ከታሸገ ወዲህ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ገበያ ላይ ቆጮ የምትሸጥ ሴት ናት። ሌሎቹም እነሱን አይተው ቆሙ። ሲስተር ደግሞ «ተቀመጡ» ብላ ማዘዝ ትምህርቷ ስለማይፈቅድላት እሷም ቆመች። እንደዚያ ተገትረን ቆየን። በመጨረሻ አቶ ጅግሶ ግድግዳው ሥር ያለችውን ከፍ ያለች የምርመራ አልጋ አዩና፣ የክብር ቦታዬ ይኼ ነው ብለው እንደ ምንም ወጥተው እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ሁሉም ተከትሎ ተቀመጠ።

«ዛሬ የመሰላችሁን መናገር ትችላላችሁ» አለች ሲስተር። ከዚያ ዝም አለች።

ዝም አልን። ሀጂ ሸምሱ ሳሉ። ከውጭ የአህያ ጩኸት ተሰማ። አቶ ጅግሶ ታግሠው ታግሠው፣ «ማነው የሚጀምረው?» አሉ።

«እርስዎስ ማን ቢጀምር ይመስልዎታል?» አለች ሲስተር።

ሽማግሌው ወደኔ ዞረው በጌዴኦኛ «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች? እኔ የጠየቅኳትን መልሳ ትጠይቀኛለች» አሉኝ።

«ምን አሉ?» አለች ሲስተር በጉጉት።

«እያሰቡበት ነው» አልኳት።

ቀሪውን ጊዜ እንደ ለቅሶ ቤት ተፋጠን አሳለፍነው። ሲስተር ተስፋ አልቆረጠችም። በየመሐሉ አንገቷን ዘንበል እያደረገች አንድ ባንድ ታያቸዋለች፤ እነሱም በሐዘኔታ ያይዋታል። ሲወጡ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ለረጅም ጊዜ ሲንሾካሾኩ አየኋቸው።

በሳምንቱ ሁሉም ቀድመው መጡ። ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ሀጂ ሸምሱ ማርና ጥቁር አዝሙድ ይዘዋል። ወይዘሮ ማርታ ትኩስ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ቅቤ በትንሽ ቅል ይዛለች። አቶ ጅግሶ ከተማ ያለችውን የእህታቸውን ልጅ «ልጃገረድ ነው፣ ያጫውተዋል» ብለው አስከትለው መጥተዋል። ማንን እንደምታጫውት አልገባኝም ነበር። ከዚያ ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ወጡና ወደ ሲስተር ጎንበስ ብለው በለሆሳስ ጀመሩ።

«ልጄ፣ መናገር ከባድ ነው። አውቃለሁ። እኔም ሚስቴ የሞተ ጊዜ እንዳንተ ሆኛለሁ። አፌ ተዘጋ። ሰው ሲጠይቀኝ መልሼ እጠይቃለሁ። ከዚያ ጭንቅላቴ ፈላ።»

«እና?» አለች ሲስተር፣ ከወንበሯ ልትወድቅ ደርሳ።

አቶ ጅግሶ የሚስታቸውን ነገር ከልጅነታቸው ጀምረው አወሩ። ከእሳቸው ሀጂ ተቀበሉ። «እህቴ፣ እኔም ከሰው ተነጥዬ አውቃለሁ» ብለው፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብለው ከተጠሩበት ቀን ወዲህ የሱቃቸው በር በተንኳኳ ቁጥር ልባቸው ሲርበተበት ደንበኛን ሌባ፣ ሌባን ደንበኛ እያሉ መቸገራቸውን ተረኩ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። ገበያው እስኪበተን ድረስ አወሩ። ወይዘሮ ማርታ ብቻ ብዙ አልተናገረችም፤ ሲስተርን ቆጮ እያጎረሰች ነበር።

ሲወጡ ሲስተር እጆቼን ይዛ ዘለለች። «አየሽ! አየሽ አይደል? ዝምታው ሠራ! ቡልጋሪያ ላይ በስንት ወር የማይገኝ ነው!»

ልንገራት አልንገራት እያልኩ ታገልኩ። በመጨረሻ፣ «ሲስተር፣ አትቀየሚኝ» አልኳት። «ታመሻል ብለው ነው።»

«ማን ታመመ?»

«አንቺ። ያለፈው ሳምንት ዝም ስትይ፣ ፈረንጅ አገር ብርድ መቶሽ አፍሽ የተያዘ መስሏቸዋል። ዛሬ ሊጠይቁሽ ነው የመጡት። ልጅቷም ብቻዋን አትደር ብለው ነው።»

የምርመራው አልጋ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ቀላ። ያን ዕለት ሳትሰናበተኝ ሄደች፤ በማግስቱም ሻይዋን ብቻዋን ጠጣች። የተማረችበትን አገር በሙሉ በአንድ ቅል ቅቤ የለወጡባት ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ቁስል ሳጥብ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታለቅሳለች ብዬ ቀና ስል ሳቋ አላስቆም ብሏታል።

«አልማዝ፣ ቡልጋሪያ ውስጥ መሪ ዝም ሲል በሽተኛው ይናገራል። እዚህ መሪ ዝም ሲል ሰው ሊጠይቀው ይመጣል።»

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ደህና መሆኗን ነግራቸው፣ ለማሩም ለቅቤውም አመስግና፣ የአቶ ጅግሶን የእህት ልጅ በክብር ሸኘች። ከዚያ በቀጥታ ጠየቀቻቸው። «እኔ እንዴት እንደምመራችሁ ንገሩኝ። ክብ መቀመጥ እንጂ ክብ መምራት አልቻልኩም።»

ሦስቱም ሦስት ዓይነት ነገር ፈለጉ። አቶ ጅግሶ ሶንጎን አነሱ፤ ሶንጎ ጌዴኦዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጉዳያቸውን የሚጨርሱበት የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ትልቅ ሰው መርቆ ይከፍታል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ነገሩ ሳይቋጭ ማንም አይነሳም። ሀጂ ሸምሱ ደግሞ «የለም፣ ሽምግልና ይሻላል፤ ሽማግሌ ሁለቱንም ይቆጣል፣ ሁለቱንም ያስታርቃል፣ ለዝምታ የሚሆን ጊዜ የለውም» አሉ። ወይዘሮ ማርታ፣ «እኔ የሚጸልይልኝ ነው የምፈልገው» አለች።

ሲስተር ሁሉንም ሞከረች። አቶ ጅግሶ መርቀው ይከፍታሉ። ሀጂና ማርታ በየራሳቸው ልማድ አሜን ይላሉ። ነገር ሲረዝም ሲስተር እንደ ሽማግሌ ትቆጣለች። መቆጣቱን ወደደችው። «ሀጂ፣ ይህን ባለፈውም ነግረውናል፣ ወደ ፊት ይለፉ!» ስትል ሀጂ ደስ ይላቸዋል። «አሁን ሰው ሆነሽልናል» አሏት።

እንዲህ ተስማምተን ሳለ ነው በሩ የተከፈተው።

የቀበሌው ካድሬ ጓድ መኮንን ነበር፤ ያ የሲስተርን ማረፍ በስልክ የነገረኝ መኮንን። ያኔ ካኪ ልብስ ከነቆቡ የማይለየው፣ ጢሙን አሳምሮ የሚከረክም ጎልማሳ ነው። ያለ ፈቃድ ከሦስት ሰው በላይ መሰብሰብ በሚያስጠይቅበት ጊዜ እኛ በየሳምንቱ በር ዘግተን ክብ እንሠራለን።

«ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?»

«ስብሰባ አይደለም፤ ሕክምና ነው» አለች ሲስተር።

«አጀንዳው ምንድን ነው?»

«የለውም።»

«ሰብሳቢውስ?»

«ይኸው እየፈለግን ነው።»

«ቃለ ጉባኤ?»

«የለም።»

ጓድ መኮንን የእውነት ደነገጠ። ፀረ አብዮት ቢሆን እንኳ ቃለ ጉባኤ ይኖረዋል። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «በሉ፣ ስብሰባውን እኔ እመራዋለሁ። በሂስና በግለ ሂስ እንጀምራለን» አለ።

ምን ይደረግ! ሀጂ ሸምሱ ብድግ አሉ። «እኔ ሸምሱ በውስጤ የንዑስ ከበርቴ አስተሳሰብ ርዝራዥ አለብኝ። ራሴን በፅኑ ሂስ አደርጋለሁ» ብለው እንደ ውሃ አንቆረቆሩትና ተቀመጡ።

ወይዘሮ ማርታም ቀና ሳትል «እኔም አለብኝ» አለች።

አቶ ጅግሶ ወደኔ ጠጋ ብለው ምን እየታደለ እንደሆነ ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልተርጉምላቸው? አስቸገረኝ። ጊዜ ሳይወስዱ እጃቸውን አወጡና፣ «ለእኔም አንድ ይጨመር» አሉ።

ጓድ መኮንን ረክቶ ማስታወሻውን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት፣ ሲስተር አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«እርስዎስ ጓድ፣ ምን አለብዎት?»

«እኔ? እኔ ጤነኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ይቅርታ፣ ይህ ክፍል የበሽተኞች ነው። ወይ ካርድ ያወጣሉ፣ ወይ ይወጣሉ።»

በዚያ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ቃል ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቃለን። ሀጂ ሸምሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጓድ መኮንን ተነሳ፤ ቆቡን አስተካከለ፤ ሲስተርን ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እንቅልፍ ብቻ ነው» አለ በቀስታ።

«ምን አሉ?»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እንዲሁ ተጋድሜ ይነጋል። ሌላ ምንም የለብኝም።»

«እና?» አለች ሲስተር።

«እናማ… ካርዱ ላይ ጨጓራ ተብሎ ይጻፍልኝ።»

አቶ ጅግሶ አልጋዋ ላይ ፈቀቅ ብለው «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት። ካድሬው ከሽማግሌው ጎን እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ።

መኮንን መምጣት ሲጀምር ወይዘሮ ማርታ ዝም አለች። ወንበሯን በትንሽ በትንሹ እያዞረች በመጨረሻ ጀርባዋን ሰጠችው። ሲስተር አየችው፤ እንደ ተማረችውም ጠበቀች። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። አንድ ቀን አቶ ጅግሶ አልቻሉም።

«ሲስተር፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ? ሶንጎ ላይ ሰው ጀርባ ሲሰጥ ሽማግሌ ይጠይቃል። ጠይቅ!»

ሲስተር ተነፈሰች። «ወይዘሮ ማርታ፣ ጀርባሽን የሰጠሽው ለማን ነው?»

ማርታ ሳትዞር ተናገረች። «ለሱ። ዮሐንስን ጨው ግዛልኝ ብዬ ነው የላክሁት። ከገበያ ለብሔራዊ ውትድርና አፍሶ ወሰደው። ይኸው የት እንዳለ አላውቅም። ልጄን ወሰዱ፤ ጨዉን እንኳ ለኔ አልመለሱም።»

እንደዚያ ያለ ነገር ካድሬ ፊት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። መኮንን ከልማዱ «ጉዳዩ የሚመለከተው አካል…» ብሎ ጀመረ።

«ልጄ» አሉ አቶ ጅግሶ፣ «እኔ በማውቀው አማርኛ ተናገር።»

መኮንን ቆቡን አወለቀ። «ኮታ ነበር» አለ። «ሙላ ተባልኩ፣ ሞላሁ። ፊታቸውን አላየሁም፤ ካየሁ አልችልም ብዬ ነው። አሁን ስጋደም ይመጡብኛል። ፊታቸውን ስላላየሁት ሁሉም ፊት የላቸውም።»

ሁሉም ወደ ሲስተር ዞሩ። እሷ ልትጠይቅ የምትችለው አንድ ቃል እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ግን ቆመች፤ ጣቷን ቀሰረችበት።

«ዮሐንስ የት እንዳለ አጣርተህ ትመጣለህ! ከዚያ በፊት ፊትህን እንዳታሳየኝ!»

«እርስዎ» ይባል የነበረው ካድሬ በአንድ ቃል «አንተ» ሆነ። ቆቡን ይዞ ወጣ። «በሽተኛ አዘዝኩ» አለችኝ ሲስተር ኋላ። «አስተማሪዬ ቢሰማ ዲፕሎማዬን ይቀደዋል።»

«ቡልጋሪያ ሩቅ ነው» አልኳት። «ቀበሌው ነው ቅርብ።»

መኮንን ጠፋ። በሳምንቱ አልመጣም፤ በሌላውም አልመጣም። ሊያስበላን ነው አልን። ሀጂ ሸምሱ ለእስር ቤት የሚሆን ጋቢና ሳሙና በፌስታል ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ፌስታሉን ወንበራቸው ሥር አስቀምጠው በሩን እያዩ ስለ ልባቸው ይናገራሉ። ያም ሆኖ አንድም ሰው አልቀረም። እንዲያውም ጸሎቷን በሹክሹክታ ብቻ የምታደርሰው ማርታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጸለይ ጀምራ ነበር፤ ከታሰርን አይቀር በደንብ ልጸልይ ብላ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ቀን መኮንን አቧራ ለብሶ ከች አለ። የጭነት መኪና ላይ ሲንከራተት ሰንብቶ ማሠልጠኛው ድረስ ሄዶ ኖሯል። ማርታ ፊት ቆመ።

«አለ» አላት። «ወጥ ቤት ነው የመደቡት። አይቼዋለሁ፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ወፍሯል።»

«ዮሐንስ? ወፈረ?»

«አንገቱ ጠፍቷል።»

ማርታ ሳቀች፤ ሳቁ እንባ ሆነ፤ እንባው ደግሞ ሳቅ ሆነ። መኮንን ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠ። ምንም አላለም። ማርታ ጨዉን በእጇ መዘነችና «ዮሐንስ ከሚያመጣው ያንሳል» አለች። ሀጂ ፌስታላቸውን በእግራቸው ገፍተው ከወንበሩ ሥር ይበልጥ አራቁት። (ዮሐንስ በኋላ በሰላም ተመልሷል። ከስቶ ስለመጣ እናቱ መኮንንን ለዓመታት «ውሸታም» እያለች ትጠራው ነበር።)

ያን ዕለት ማርታ ስለ ልጇ ማውራት ጀመረች። እንዴት እንደተወለደ፣ ምን እንደሚወድ፣ ስንት ጊዜ ከዛፍ ላይ እንደወደቀ። መኮንን አቶ ጅግሶ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። በመሐሉ አንድ ድምፅ ሰማን። መጀመሪያ የቡና መኪና መሰለን። ዞር ስንል መኮንን አፉን ከፍቶ፣ ጭንቅላቱን ሽማግሌው ትከሻ ላይ ጥሎ እያንኮራፋ ነው።

ማርታ ወሬዋን አቋረጠች። ሀጂ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ ጅግሶ ትከሻቸውን ላለማንቀሳቀስ እንደ ምሰሶ ደረቁ። እኛም ሁላችን ዝም አልን።

በዚያው ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ቀበሌው ውስጥ የሆነ ሰው አመልክቶ ኖሮ ከክፍለ ሀገር ተቆጣጣሪ ተልኮ መጥቷል። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ቦርሳ የያዘ ሰው ነው። ሲስተር ሮጣ ደረሰችና ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ በሩን በትንሹ ከፈተችለት።

«ምንድን ነው የሚሠራው እዚህ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ቀስ ይበሉ። ሕክምና ላይ ነን።»

ሰውየው አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ሽማግሌ፣ ሀጂ፣ ቆጮ ሻጭ፣ ጤና ረዳት፣ ሁሉም እንደ ሐውልት ተቀምጠዋል፤ አልጋው ላይ ካድሬ ያንኮራፋል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከመሐላቸው መሪው ማነው?»

ሲስተር ዞር ብላ ክቡን አየችው። ከዚያ በጣቷ መኮንንን አሳየችው። «ዛሬ እሱ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እኛ እየተከተልነው ነው። ይግቡና ይቀመጡ፤ ጫማዎ ግን እንዳይጮህ።»

ተቆጣጣሪው በእግሩ ጣት ገብቶ ተቀመጠ። ምን እንደሚቆጣጠር ሳያውቅ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መኮንን እስኪነቃ ከኛ ጋር ጠበቀ። በኋላ ሲስተርን ብቻዋን አነጋገራት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲወጣ ግን «ለጨጓራም ይሆናል?» ሲላት ሰምቻለሁ።

ክቡን ማንም አልዘጋብንም። በዓመቱ ግን ሲስተር ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረች። እኛ ቅጣት ነው ብለን አዘንን፤ ኋላ ስንሰማ እድገት ኖሯል። የምትሄድ ቀን ክቡ በሙሉ ዲላ መናኸሪያ ወጣ። ሻንጣዋ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል፤ ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል፤ ሲስተር በመስኮት አንገቷን አውጥታለች። ያለ ምርቃት መሄድ አይቻልም። ግን ማን ይመርቅ?

«ሀጂ ይቅደሙ» አሉ አቶ ጅግሶ።

«ኧረ በአላህ! እርስዎ እያሉ?» አሉ ሀጂ። «እንዲያውም ማርታ ትጸልይ።»

«እኔ ሴት፣ በናንተ ፊት?» አለች ማርታ። «ጓድ መኮንን ንግግር ያድርግ።»

«በዛሬው ዕለት…» ብሎ ጀመረና መኮንን ራሱን ገታ። «ኧረ፣ አቶ ጅግሶ ናቸው ታላቃችን።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እነሱ «ይቅደሙ»፣ «የለም ይቅደሙ» እየተባባሉ አንዱ ሌላውን በክብር ወደ ፊት ይገፋል። ሲስተር እልፍነሽ መስኮቱን በመዳፏ ደበደበች።

«ሁላችሁም ባንዴ!» ብላ ጮኸች።

ሀጂ መዳፋቸውን ዘርግተው በአረብኛ ጀመሩ። ማርታ ዓይኗን ጨፍና በአማርኛ ቀጠለች። አቶ ጅግሶ በጌዴኦኛ ከአያቶቻቸው ተነሱ። መኮንን የሚለው ቢያጣ «ትቅደም! ትቅደም!» ይል ነበር፤ ማን ትቅደም እንዳለ አልገባንም። ተሳፋሪው ሁሉ ሳያውቃት እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ፤ ኮፍያውን አወለቀ።

አውቶቡሱ የተንቀሳቀሰው አቶ ጅግሶ ሲጨርሱ ነው። አቶ ጅግሶ ደግሞ ቶሎ የሚጨርሱ ሰው አልነበሩም።